አሸዋና ለውዝ

ያን ዕለት ጠዋት እናቷ መነጽሯን ረስታ ባትወጣ ኖሮ ልጅቷ ያንን ሰልፍ አትሰለፍም ነበር። ሰልፉን ባትሰለፍ ደግሞ፣ እስከ ዛሬ ጆሮዋን የሚያግለውን ቃል ከገዛ አፏ አትሰማውም ነበር።

መነጽሩ የማንበቢያ ነው። ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ፣ ከስኳር ዕቃው ጎን፣ ቡናማ ማኅደሩ ውስጥ እንዳለ ቀርቷል። እናቷ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ መናኸሪያ ትኬት ቆራጭ ናት። ያለ መነጽር የዋለች ቀን የትኬቱን ደቃቅ ጽሑፍ ክንዷ እስከሚደርስላት አርቃ፣ ዓይኗን አጥብባ ስታነብ ትውልና ማታ ራሷን ይዛ ትገባለች።

ልጅቷ ሩቅ አገር ተምራ ከተመለሰች ጥቂት ወራት ሆኗታል። ሻንጣዋን ግን ገና አላራገፈችም። የምትለብሰውን ከሻንጣው ታወጣለች፣ አጥባና አጣጥፋ እዚያው ትመልሳለች። ልቆይ ወይስ ልሂድ እያለች ጠዋት የወሰነችውን ማታ ታፈርሰዋለች። በልጅነቷ አንድ ወንበር ላይ የማትረጋ፣ የጀመረችውን ሻይ ሳትጨርስ የምትነሳ ነበረችና እናቷ ያኔ ያወጣችላትን ስም ዛሬም አልተወችውም፤ ቅልብልቤ ትላታለች። ትምህርት ብዙ ነገር ጨመረላት እንጂ ይህንን አልቀነሰላትም።

የዚያን ቀን ግን የማያከራክር ሥራ አገኘች። መነጽር ማድረስ።

በሠራተኞች በር በኩል መግባት ትችል ነበር። ጨዋታ አማራት። ተሳፋሪ መስዬ እሰለፋለሁ፣ ተራዬ ሲደርስ የትኬት መስኮቱ ቀዳዳ ጋ ጎንበስ ብዬ የሌለ ከተማ ስም እጠራለሁ፣ እሷም ቀና ብላ ስታየኝ መነጽሩን አሾልክላታለሁ ብላ አሰበች። እናቷ ከፊቷ ስላለው መስታወት ስታወራ አትጠግብም። «የሰራው ሰውዬ ለድንክ ነው የሰራው፤ ሰው ሁሉ ሰግዶልኝ ነው የሚሳፈር» ትላለች። ደግሞም «ድምፅ አያሳልፍም። እኔ ግን ሰው ገና አፉን ሲከፍት ወዴት እንደሚሄድ ከከንፈሩ አነበዋለሁ፤ ጮክ በሉ የምለው ልማድ ሆኖብኝ ነው» ትላለች።

መናኸሪያው ግጥም ብሏል። አረንጓዴ ሰደርያ የለበሰ ተራ አስከባሪ ሰዉን እየገፋም እየለመነም ያሰልፋል።

«እዚያ አትከመሩ። ወደ ዱቄቷ እለፉ፣ ወደ ዱቄቷ። እጇ ፈጣን ነው።»

«የቷ ናት ዱቄቷ?» አለች ከልጅቷ ፊት የቆመች፣ ዘንቢል ያንጠለጠለች ሴት።

«ያቺ፣ ከወፍጮ ቤት በቀጥታ ሥራ የገባችው።»

ሰልፉ ሳቀ። ልጅቷም ሰው ወደሚያይበት አየች።

ነጭ አምፖል ከላይ የሚያበራበት መስታወት ውስጥ የእናቷ ፊት ተቀምጧል። ፊቱ አመድማ ነው። አገጩ ላይ ሲደርስ ድንገት ያበቃና ከዚያ በታች የእናቷ አንገት ይጀምራል፤ ጠይም፣ የምታውቀው አንገት። አንድ ሰው የሌላ ሰው ፊት ተውሶ፣ ለመመለስ ረስቶ የተቀመጠ ይመስላል። ልጅቷ ወዲያው ገባት። ይህ እሷ ያመጣችው ፓውደር ነው። በመጣች ማግስት፣ መኝታ ቤት ውስጥ፣ ቢጫው አምፖል ሥር፣ «እስቲ ልይልሽ» ብላ በራሷ እጅ የቀባቻት። ያኔ አምሮ ነበር። ቢጫው አምፖል የማያሳምረው የለም። ከዚያ በኋላ እናቷ ጎህ ሳይቀድ ተቀብታ ትወጣለች፣ ስትመለስ ከመናኸሪያው ቧንቧ ታጥባ ትገባለች። እናም ልጅቷ ያመጣችውን ስጦታ በቀን ብርሃን አንድም ቀን አላየችውም።

«ምነው እህቴ፣ ፈዘዝሽ?» አለ ተራ አስከባሪው አጠገቧ መጥቶ። «ታውቂያታለሽ እንዴ?»

«አላውቃትም» አለች።

እዚያ ላይ ቢያበቃ አንድ ነገር ነው። ሳቀችም። ሳቁ ከየት እንደመጣ አታውቅም፤ እንደ ማስነጠስ አመለጣት። ዘንቢል የያዘችው ሴት ዞር ብላ አብራት ሳቀች፣ ሁለቱም ለአፍታ የአንድ ሰፈር ሰዎች ሆኑ። ከዚያ ሴትየዋ ትኬቷን ቆረጠች፣ ቀዳዳው ተከፈተ፣ እናቷ ቀጣዩን ተሳፋሪ ለመጥራት ቀና ልትል ስትል ልጅቷ ከሰልፉ ወጣች።

«እህቴ፣ ደርሶሽ ነበር እኮ።»

«ሌላ ቀን እመጣለሁ።»

ውጭ ወጥታ ከመናኸሪያው አጥር ጋር ስትቆም መነጽሩ እጇ ውስጥ ነበር። ማኅደሩን ከመጨበጧ ብዛት መዳፏ ላይ የዚፑ ጥርስ ታትሞበታል። ተመልሳ በሠራተኞች በር ልትገባ ሁለቴ ተራመደች። ተራ አስከባሪው ያየኛል። ምኗ ነሽ ይለኛል። ይህን ቆማ ስታስብ፣ ፀሐዩ አናቷ ላይ ሲወጣ ወደ ቤት ሄደች። መነጽሩንም ወስዳ ከስኳር ዕቃው ጎን፣ እንደነበረ አድርጋ አስቀመጠችው።

ማታ እናቷ ግንባሯን በሻሽ ጠፍንጋ ገባች።

«እዚሁ ነበር ለካ» አለች መነጽሩን አይታ። «ቦርሳዬን ስበረብር ዋልኩ። ዛሬስ ሰዉን ሁሉ ያለ ሀገሩ ሳልልከው አልቀርም።»

«እኔም አላየሁትም ነበር።»

«አንቺማ በየት በኩል። አፍንጫሽ ላይ ቢያስቀምጡት አታዪውም።» ሳቀች፣ ሻሹን አጠበቀች። ከዚያ ጫማዋን እያወለቀች፣ «ቅልብልቤ፣ ቅዳሜ ሊሸኙኝ ነው፣ ታውቂያለሽ አይደል። ፎቶም አለው። በጡረታዬ ቀን ፊቴን አንቺ ሥሪልኝ» አለች።

«እሺ እማ።»

«ግን ያልተቀባሁ ይምሰል። ተቀብታ መጣች እንዳይሉኝ።»

ልጅቷ የእናቷን ፊት ሰርቃ አየች። የሰማችው ነገር ይኖር ይሆን? ፊቷ ላይ ከራስ ምታት በቀር የሚነበብ አልነበረም።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልነሳትም፤ ተኛች፣ እንዲያውም ጥሩ ተኛች፣ ጠዋት ስትነቃ ያ ራሱ አሳፈራት። በማግስቱ ገበያ መሃል ወዳለው የመዋቢያ ሱቅ ሄደች። ሐሳቧ ቀላል ነበር። ትክክለኛውን ቀለም ገዝታ፣ ያኛው ጊዜው አልፎበታል ብላ ትቀይራለች። ሰልፉም፣ «አላውቃትም» ያለችውም፣ ከአሮጌው ፓውደር ጋር አብሮ ይጣላል።

ሻጯ ረጅም ጥፍር ያላት፣ ማስቲካ ከአፏ የማይለይ ወጣት ናት።

«እናትሽ ምን ዓይነት ናቸው የኔ ቆንጆ?»

«ጠይም።»

«ጠይም ስንት ዓይነት አለ። እንዳንቺ?»

«ከኔ ትንሽ ጠቆር… ይመስለኛል።»

«ይመስለኛል?» ሻጯ ማስቲካ ማኘኳን አቆመች። «የሰው እናት ናቸው እንዴ?»

ልጅቷ ዓይኗን ጨፍና የእናቷን ፊት ልታመጣ ሞከረች። ድምፅዋ መጣ፣ አረማመዷ መጣ፣ ስትስቅ አፏን በመዳፏ ጀርባ የምትሸፍነው መጣ። ቀለሙ አልመጣም። የመጣው ፎቶው ነው።

ፎቶው የሰፈሩ ፎቶ አንሺ ያነሳው ነው። ልጅቷ ውጭ ሳለች እናቷ ልካላት ስልኳ ላይ አስቀምጣው ነበር። ያ ሰው ደንበኛን ሁሉ አንጥቶ ነው የሚያወጣው፤ ሰው ከሱ ቤት የራሱን መልክ ጠብቆ አይሄድም፣ ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። ልጅቷም ድሮ ታውቅ ነበር። ባሕር ማዶ ካለው ሱቅ፣ በየረድፉ ከተደረደሩት ክብ ቆርቆሮዎች ፊት ስትቆም ግን አላስታወሰችውም። እዚያ ቀለሞቹ የምግብና የአፈር ስም ነበራቸው። ከሁለት ላይ ደረሰች፤ አንዱ አሸዋ፣ አንዱ ለውዝ። ስልኳን አወጣች፣ ከፎቶው ጋር አስተያየች፣ አሸዋን ገዛች።

«ፈካ ያለውን ውሰጂላቸው» አለች ሻጯ መጠበቅ ሰልችቷት። «በፈካ ማንም አይቀየምም።»

«አይ። ልኳን ነው የምፈልገው።»

«እንግዲያው ይዘሻቸው ነይ።»

ዓርብ ከሥራ በኋላ ይዛት መጣች። እናቷ ሱቁ በር ላይ፣ ከመንገዱ ብርሃን ፊት፣ ጥርስ ሐኪም ዘንድ እንደተቀመጠ ሰው አገጯን አውጥታ ቆመች። መንገደኛ ባለፈ ቁጥር ዓይኗን ታንከባልላለች።

«ቶሎ በይ ልጄ፣ የሚያውቀኝ ሰው ካለፈ የሚሸጡኝ ይመስለዋል።»

«ማን ይገዛሻል» አለች ልጅቷ።

«ዋጋውን ሰምተሽ ነው?»

ሻጯ ከመንጋጋዋ አጥንት ላይ፣ ጉንጭና አንገት በሚገናኙበት፣ ሦስት አጫጭር መስመሮች ጎን ለጎን አሰመረች። እናቷ መስታወት ተቀብላ ስታይ፣ «እኔስ ከምቀባው ጋር ብታነጻጽሩልኝ ይሻላል» ብላ ከቦርሳዋ ክቡን ቆርቆሮ አወጣች። «ይቺን ከውጭ አምጥታልኝ ነው።»

ሻጯ ቆርቆሮውን ከፈተች። ፓውደሩን አየች፣ የእናቷን ፊት አየች፣ ከዚያ ልጅቷን አየቻትና ምንም ሳትል ከደነችው። ማስቲካዋን እንኳ አላኘከችም። እናቷ ከሰው ከንፈር የምታነብ ሴት ናት፤ የተዘጋም ከንፈር ቢሆን።

«ስሟ ማን ነው የዚች ቀለም?» አለች።

«አሸዋ» አለች ልጅቷ።

«አሸዋ። ለግንብ ነበር ያሰብሺኝ?» ከዚያ መስታወቱን ወደ ብርሃኑ አዘነበለችው። «ሦስት አልነበር ያሰመርሽው? አንዷ የት ሄደች?»

«እሷ ናት የእርስዎ» አለች ሻጯ። «የጠፋችው ናት ልክዎ።»

ልጅቷ ጠጋ ብላ አየች። በግራ የአሸዋ ዘመድ የሆነ መስመር ቆሟል፣ በቀኝ ደግሞ ጥቁር ያለ። መሃል ላይ ቆዳ ብቻ። የመሃሉን ቀለም ክዳን ገልብጣ ስሙን አነበበች። ለውዝ ይላል። የሌላ ፋብሪካ ነው፣ ስሙ ግን ያው ነው።

ወደ ቤት የሚወስዳቸውን ታክሲ ጥግ ይዘው ሲጠብቁ እናቷ መንጋጋዋን በመሐረብ እያሻሸች ጠየቀች።

«ታዲያ ያቺ የመጀመሪያዋ ለምንድን ነው ሳትጠፋ የቀረች?»

«ፎቶው ነው እማ። ከፎቶው አስተያይቼ ነው የገዛሁት።»

«የኛ ፎቶ አንሺ? እሱማ ከሰል ቢያስይዙት አንጥቶ ነው የሚያነሳው።» ሳቀች፣ በመዳፏ ጀርባ አፏን ሸፍና። ከዚያ የሚመጣውን ታክሲ በዓይኗ እየፈለገች፣ ቅሬታ በሌለው ድምፅ ቀጠለች። «እኔ ደግሞ እንዲያ እንድሆንልሽ ፈልገሽ መስሎኝ።»

«እንዴት?»

«እንዲያ ነዋ። እዚያ ከርመሽ፣ የሰው እናት አይተሽ… ልጄ እንዲህ ከሆንኩ ደስ የሚላት ከሆነ፣ ለኔ ምን ይጎድልብኛል አልኩ። ስምም አውጥተውልኛል፣ ሥራ ቦታ። የማልሰማ መስሏቸው።»

«ምን ብለው?»

የምታውቀውን ነው የጠየቀችው። ይህም የገባት ጠይቃ ስትጨርስ ነው።

«ዱቄቷ። በፊት ቁጡዋ ነበር የሚሉኝ። ዱቄት ይሻላል፤ ዱቄት ቢያንስ ይጋገራል።»

ልጅቷ መሳቅ አልቻለችም። ፎቶውን ጥፋተኛ አድርጋ ለመተኛት ተመቻችታበት የነበረው ቦታ ተንሸራተተባት። ባሕር ማዶ ያ ሱቅ ውስጥ፣ ስልኳን ከማውጣቷ በፊት እጇ ቀድሞ የሄደው ለውዝ ላይ ነበር። አንስታው ነበር። እጇ ያውቅ ነበር። ከዚያ አጠገቧ ቆማ የምትመርጥ የክፍሏን ልጅ አየች፣ «ለእናትሽ ነው?» አለቻት፣ «አዎ» አለች፣ ፎቶዋን አሳየቻት፣ «ቆንጆ ናት» ተባለች፤ ያኔ ነው ለውዝን መልሳ አሸዋን ያነሳችው። ፎቶው አላሳሳታትም። ፎቶው ፈቀደላት እንጂ።

አሁን ልንገራት፣ ሰልፉንም ልንገራት ብላ አፏን ስትከፍት ታክሲው መጣ። እናቷ ክርኗን ይዛ ገፋ አደረገቻት። «ግቢ ግቢ፣ ቦታ ያዢ።» ገባች፣ ቦታ ያዘች። መሃላቸው ሌላ ሰው ተቀመጠ።

ቅዳሜ ጠዋት ልጅቷ ወንበር አምጥታ መስኮቱ ሥር አኖረች። መጋረጃውን እስከ ጥጉ ገፋችው።

እናቷ ታጥባ፣ ፀጉሯን ወደ ኋላ አስራ ተቀመጠች። ልጅቷ ከለውዙ በጣት ጫፍ ወስዳ እጇ ላይ አሞቀችው፣ ከዚያ ከአፍንጫዋ ጎን ጀምራ ወደ ውጭ እየሳሳች ወሰደችው። ሁሉ ቦታ አልቀባችም። ከዓይኗ ሥር ትንሽ፣ አገጯ ላይ ትንሽ፣ የተረፈውን በጨርቅ አነሳች። ቅንድቧን በባዶ ብሩሽ አበጠረች። ለከንፈሯ ከሱቁ የገዛችውን ቡናማ ሮዝ ቀብታ መልሳ ጠረገችው፤ ቀለሙ የከንፈሯ እስኪመስል።

«አሁን ቀባሽኝ ወይስ ወለወልሽኝ?»

«አትናገሪ እማ።»

«የመጨረሻ ቀኔ ነው፣ ልናገር።»

እንዲህ ከቅርብ አይታት አታውቅም። ግራ ቅንድቧ መጨረሻ ላይ ትንሽ ጠባሳ አለ፤ መቼ እንዳገኘችው ሰምታ አታውቅም። ጉንጮቿ አንድ ቀለም አይደሉም፤ ቀኙ፣ የመናኸሪያው መስኮት ፀሐይ የሚያገኘው፣ ጠቆር ይላል። ፊቷ ላይ ቢያንስ ሦስት ጠይም ነበር። ልጅቷ ማኅደሩን ይዛ ከሰልፉ የወጣችበት ቅጽበት በየጣቷ ጫፍ ይመጣባታል። አሁን ልበላት፣ አሁን። ዓይኗን ጨፍናለች፣ አታየኝም፣ አሁን ቀላል ነው። ግን ዓይኑን ጨፍኖ ፊቱን ለሰጠ ሰው ይህንን መንገር ከኋላ እንደመምታት መሰላትና ተወችው። ለመተው ምክንያት አጥታ አታውቅም።

እናቷ መስታወቱን ተቀብላ ፊቷን ወደ ግራም ወደ ቀኝም እያዞረች አየች።

«ይሄ እኔ ነኝ» አለች በመጨረሻ። እንደ ማጉረምረምም፣ እንደ መገረምም ነበር።

ሽኝቱ የተሰናዳው መናኸሪያው መጠበቂያ አዳራሽ ውስጥ ነው። የፕላስቲክ ወንበር፣ ኬክ፣ ለስላሳ መጠጥ፣ ግድግዳ ላይ በብልጭልጭ ወረቀት የተጻፈ «እንኳን ደስ ያለዎት»። ሾፌሮችም ረዳቶችም በየመሃሉ እየገቡ ኬክ ቆርሰው ይወጣሉ፤ አውቶቡስ አይጠብቅም።

«እትዬ፣ ዛሬ ሳይቀቡ መጡ?» አለች በጎን መስኮት የምትሠራው ወፍራም ባልደረባዋ። «እኔ ልሙት! እንዴት አማረብዎት።»

«ተቀብቻለሁ።»

«የት ላይ?»

«ንኪኝ።»

ሴትየዋ በጣቷ ጉንጯን ነካች፣ ጣቷን አየች፣ ለሌላዋ አሳየቻት። እናቷ አንገቷን አቀናች። «ልጄ ናት የሠራችኝ። ይችውና፣ ከውጭ የመጣችው ልጄ።» ልጅቷን ትከሻዋን ይዛ ወደ ፊት አመጣቻት፤ ለዚህ ሰዓት ያስቀመጠቻት ዕቃ ይመስል። ልጅቷም እየጨበጠች፣ እየተሳመች፣ «ይመስገን» እያለች አንድ ረድፍ ጨረሰች። ረድፉ መጨረሻ ላይ ነጭ ሸሚዝ የለበሰ፣ ፀጉሩን ውሃ ቀብቶ ያበጠረ ሰው ቆሟል። ያለ አረንጓዴ ሰደርያው መጀመሪያ አላወቀችውም። እሱ ግን እጇን እንደያዘ አልለቀቃትም።

«እህቴ፣ እኔና አንቺ አንተዋወቅም?»

«አይመስለኝም።»

«ቆይ፣ ቆይ። እኔ ሰልፍ ውስጥ ያየሁትን ፊት አልረሳም፣ እንጀራዬ ነው። ቡናማ የመነጽር ቤት ይዘሽ… ተራሽ ደርሶ ጥለሽኝ የሄድሽው። ታውቂያታለሽ ብዬ ስጠይቅሽ አላውቃትም ብለሽ የሳቅሽ…»

ቃሉን ሳይጨርስ ራሱን ሰማ። ዓይኑ ከልጅቷ ወደ እናቷ ሄደ፣ ድምፁ እንደ ውሃ ወረደ። እጇን ለቀቀ። በአቅራቢያው የነበሩት ሰዎች ኬካቸውን ያዙ እንጂ አልበሉም።

እናቷ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ ይዛ ነበር። እጇ ቀስ ብሎ ወደ ውስጥ ገባ፣ ማኅደሩን እንዳገኘው ልጅቷ ከትከሻዋ አወቀች። ያ ራስ ምታት፣ ያ ሻሽ፣ ከስኳር ዕቃው ጎን የተገኘው መነጽር፣ «እኔም አላየሁትም ነበር»፤ አንድ በአንድ የእናቷ ፊት ላይ ሲያልፉ ታዩዋት። ከዚያ እናቷ ቀና አለች።

«እንዴት ብላ ታውቀኝ?» አለች። «ያኔ እኮ ዱቄት ውስጥ ነበርኩ።»

ያንን ስም በፊቷ የጠራው ሰው አልነበረም። ወፍራሟ ባልደረባዋ በሳቅ ፈነዳች፣ ሾፌሮቹ ተከተሉ፣ ተራ አስከባሪው ግንባሩን በሁለት እጁ ይዞ፣ «እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ፣ እኔ ነኝ ያወጣሁት» እያለ ሳቀ።

«አውቃለሁ አንተ መሆንህን። ቁጡዋንም ያወጣኸው አንተ ነህ። ሌላ ሥራ የለህም።»

አዳራሹ በሙሉ ሳቀ። ቀልዱ እንደ ጠዋቱ ቅብ ልክ ነበር፤ ማንም የተቀባ መሆኑን አላየም። ልጅቷ ብቻ ከሥሩ ያለውን ታውቃለችና አልሳቀችም። እናቷ እስከ ዝግጅቱ መጨረሻ ድረስ ተጫወተች፣ ፎቶ ተነሳች፣ ኬክ አጎረሰች። ወደ ልጅቷ ግን አንዴም አልዞረችም።

ሰው ሳሳ ሲል፣ «መስኮቴን ልሰናበት» ብላ ተነሳች። ከውስጥ በኩል ገብታ የድሮ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። አምፖሉን አበራችው። ልጅቷ ተከትላ ከውጭ በኩል፣ ተሳፋሪ በሚቆምበት፣ ባዶው ሰልፍ መጀመሪያ ላይ ቆመች። ነጩ ብርሃን ሥር የእናቷ ፊትና አንገት አንድ ሰው ነበሩ።

እናቷ በመስታወቱ ውስጥ አየቻት። የየቀን ሥራዋን እንደምትሠራ ሆና፣ «ወዴት ነሽ?» አለች።

ልጅቷ ወደ ቀዳዳው ጎንበስ አለች። ወገቧ እንዲህ ይታጠፋል ብላ አላሰበችም፤ እውነትም ለድንክ ነው የተሠራው።

«አውቄሽ ነበር እማ» አለች።

እናቷ ጆሮዋን አቀረበች። «አልሰማሁም። ይሄ መስታወት ድምፅ አያሳልፍም።»

ልጅቷ ቀና አለች። ከኋላዋ ወንበር የሚደራርቡት ሠራተኞች አሉ፣ ወፍራሟ ባልደረባ የተረፈውን ኬክ ትጠቀልላለች፣ ተራ አስከባሪው የግድግዳውን ብልጭልጭ ወረቀት እየላጠ ነው። እናቷ ከከንፈር እንደምታነብ ታውቃለች። ይህን ማወቋንም እናቷ ታውቃለች።

እንደገና ጎንበስ አለች።

«አውቄሽ ነበር» አለች ጮክ ብላ። «ያን ቀን፣ ሰልፉ ላይ። አውቄሽ ነው አላውቃትም ያልኩት። መነጽርሽም እጄ ላይ ነበር።»

ወረቀት የሚልጠው እጅ ቆመ። የወንበሩም ድምፅ ቆመ። ጆሮዋ ጋለ፣ አንገቷ ጋለ፣ ከቀዳዳው ግን ፊቷን አላነሳችም።

«አሁን ሰማሁ» አለች እናቷ።

ቦርሳዋን ከፈተች፣ ቡናማውን ማኅደር አወጣች፣ ትኬት በሚሾልክበት በኩል ገፋ አደረገችው።

«ያዢልኝ» አለች። «እንዳልረሳው።»

ልጅቷ በሁለት እጇ ተቀበለችው።